ሉፕን እንወቀው፦ ምንድን ነው? ለማን ይሆናል? ቀኑስ በየትኛው አቆጣጠር ይጻፍ?

በዚህ እትም ብዙዎቻችን በሹክሹክታ የምናወራውን፣ ክፍል ውስጥ ሲነሳ ግን አንገታችንን ደፍተን የምናልፈውን አንድ ርዕስ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም በማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጠው የእርግዝና መከላከያ፣ በተለምዶ «ሉፕ» ስለምንለው ነው። ሱዳናውያን «ለውለብ» ይሉታል፤ በካርቱም አነጋገር ደግሞ «ሎለብ» ሲባል እንሰማለን።

ለምን አሁን? እንደሚታወቀው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023) በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ፣ በዴም፣ በጀሪፍ፣ በኦምዱርማንና በባህሪ እንኖር የነበርን ስደተኞች እንደገና ለስደት ተዳረግን። ገሚሱ ወደ ገዳሪፍ፣ ገሚሱ በመተማ በኩል ወደ አገር ቤት፣ ገሚሱም ወደ ግብፅና ወደ ደቡብ ሱዳን ሄደ። በከተማው ብዙ ሆስፒታሎች አገልግሎት አቆሙ፣ ፋርማሲዎች ተዘጉ። ፒል ትወስድ የነበረች ሴት ፒሏ አለቀባት፤ የሦስት ወር መርፌ ትወጋ የነበረችም ቀኗ አለፈባት። ሉፕ ያላት ሴት ግን መከላከያዋን ይዛው ሄደች። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ ሉፕ የማይታይ ነገር ስለሆነ ይረሳል። ካርድ ይጠፋል፤ ቀን ይዘነጋል፤ በአንዱ አገር የተጻፈው ቀን በሌላው አገር በተሳሳተ አቆጣጠር ይነበባል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ መልእክት አጭር ነው፦ ሉፕ ለስደተኛ ሴት ጥሩ ምርጫ ሊሆን የሚችለው ሦስት ነገሮችን ስታውቅ ነው። የትኛው ዓይነት እንደገባላት፣ መቼ እንደገባላትና መቼ መውጣት እንዳለበት። ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

1. ሉፕ ምንድን ነው?

ሉፕ የእንግሊዝኛውን ቲ ፊደል የሚመስል፣ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ርዝመቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ዕቃ ነው። ከጫፉ ላይ ሁለት ቀጫጭን ክሮች አሉት። «ሉፕ» የሚለው ስም የመጣው አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ሊፕስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ካወጡት የተጠማዘዘ የፕላስቲክ መከላከያ ነው። በኋላ አሜሪካዊው ሃዋርድ ቴተም ቅርጹን ወደ ቲ ለወጡት፤ የቺሊው ሐኪም ሃይሜ ዚፐር ደግሞ መዳብ ሲጨመርበት መከላከሉ እንደሚጠነክር አሳዩ። ዕቃው ተለወጠ፣ ስሙ ግን በእኛ ዘንድ «ሉፕ» እንደሆነ ቀረ።

ዛሬ ሁለት ዓይነት አለ።

ሀ) የመዳብ ሉፕ፦ በላዩ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ሆርሞን የለውም። በሰፊው የሚታወቀው «ቲ 380 ኤ» የሚባለው ነው፤ 380 ማለት የመዳቡ ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 12 ዓመት እንደሚያገለግል ይናገራል፤ በማሸጊያው ላይ ግን 10 ዓመት ተብሎ የተጻፈበትም አለ።

ለ) ሆርሞን ያለው ሉፕ፦ ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን በየቀኑ በጥቂቱ ይለቃል። እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 8 ዓመት ይሠራል። ዋጋው ወደድ ስለሚል በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የመዳቡ ነው።

ልብ በሉ! ሁለቱም «ሉፕ» ይባላሉ፣ ዕድሜያቸው ግን በጣም ይለያያል። «ሉፕ አለኝ» ማለት ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

2. እንዴት ይሠራል?

መዳቡ በማህፀን ውስጥ የወንዱን ዘር ያዳክማል፤ ዘሩ ከሴቷ እንቁላል ጋር እንዳይገናኝ ያደርጋል። ሆርሞን ያለው ደግሞ በማህፀን በር ላይ ያለውን ፈሳሽ ስለሚያወፍረው ዘር እንዳያልፍ ያደርጋል፤ የማህፀኑን ግድግዳም ያሳሳል። «ታዲያ ይህ ጽንስ ማስወረድ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በሕክምናው ዕውቀት መሠረት ሉፕ የሚሠራው ከሁሉ በፊት ዘርና እንቁላል እንዳይገናኙ በመከልከል ነው። የሃይማኖት ጥያቄ ያለው ሰው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር መመካከር ይችላል። እኛ የምናቀርበው የሰውነትን አሠራር ነው።

3. ምን ያህል ያስተማምናል?

በተለመደው አጠቃቀም፣ ማለትም ሰው እንደሚረሳና እንደሚዘገይ ታስቦ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ተጠቃሚ ሴቶች መካከል የሚያረግዙት ቁጥር በግምት እንዲህ ነው፦

- በኮንዶም ብቻ፦ 13
- በፒል፦ 7
- በሦስት ወር መርፌ፦ 4
- በመዳብ ሉፕ፦ ከ1 በታች
- በክንድ ውስጥ በሚቀበረው፦ ከ1 በታች

ልዩነቱ የመጣው ከመድኃኒቱ ጉልበት ብቻ አይደለም። ፒል በየቀኑ ማስታወስ ይጠይቃል፤ መርፌ በዓመት 4 ጊዜ፣ በ10 ዓመት ደግሞ 40 ጊዜ ጤና ጣቢያ መሄድ ይጠይቃል። መንገድ ሲዘጋ፣ ኬላ ሲበዛ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ሲጠፋ ከ40ው ስንቱ ይሳካል? ሉፕ ግን አንዴ ከገባ ለማስታወስ የሚፈልገው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የሚወጣበትን ቀን።

እንዲህም ሆኖ በአገራችን የሚጠቀሙበት ጥቂቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ባል ካላቸው ሴቶች መካከል 23 በመቶ የሚሆኑት መርፌ፣ 8 በመቶ በክንድ የሚቀበረውን ሲጠቀሙ፣ ሉፕ የሚጠቀሙት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ወሬ ነው፤ ሌላው ደግሞ ሉፕ ለማስገባትም ለማውጣትም የሠለጠነ እጅ ስለሚፈልግ ነው። ፒል ከሱቅ ይገዛል፤ ሉፕ አይገዛም።

4. መቼና እንዴት ይገባል?

ሴቲቱ እርጉዝ አለመሆኗ ከተረጋገጠ በማንኛውም ቀን ሊገባ ይችላል። ከወለደች በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ይህ ካለፈ ደግሞ ከ4 ሳምንት በኋላ ይገባል። ጡት ለምታጠባ እናት የመዳቡ ሉፕ ወተቷን አይቀንስም። ጽንስ ከወረደ በኋላም ኢንፌክሽን ከሌለ ወዲያው ማስገባት ይቻላል።

የሠለጠነች ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ሐኪም መጀመሪያ ትጠይቃለች፣ ትመረምራለች፣ የማህፀኑን ጥልቀት ትለካለች፣ ከዚያም በቀጭን ቱቦ ታስገባዋለች። ማስገባቱ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሲገባ የወር አበባ ቁርጠት የሚመስል ሕመም ይኖራል፤ አንዳንዷን ጠበቅ ያደርጋታል፣ አንዳንዷ ብዙም አይሰማትም። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ለክትትል መመለስ ያስፈልጋል። ግርዛት የተፈጸመባትና የተሰፋች ሴት ለማስገባት ሊያስቸግር ስለሚችል አስቀድማ ብትናገር መልካም ነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ በሱዳንም በአገራችንም ያሉ ባለሙያዎች ያውቁታል።

5. ለማን አይሆንም?

- እርጉዝ ለሆነች ወይም እርጉዝ ልትሆን እንደምትችል ለምትጠረጥር
- ምክንያቱ ያልታወቀ የማህፀን መድማት ላለባት (ምክንያቱ እስኪታወቅ)
- የማህፀን ኢንፌክሽን፣ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ለያዛት (ታክማ እስክትድን)
- ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ ኢንፌክሽን ላለባት
- የማህፀን በር ካንሰር ይዟት ሕክምና ለምትጠብቅ
- የማህፀኗ ቅርጽ በዕጢ ወይም በተፈጥሮ ለተዛባ

ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖር ሴት መድኃኒቷን እየወሰደች ጤንነቷ ደህና ከሆነ ልትጠቀም ትችላለች። ያልወለደች ሴትም ልትጠቀም ትችላለች። «ሉፕ ለወለደች ብቻ ነው» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ባልወለደች ሴት ላይ ተንሸራቶ የመውጣቱ ዕድል ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል እንጂ።

6. ምን ያስቸግራል?

እውነቱን እንነጋገር። በመዳቡ ሉፕ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት የወር አበባ ሊበዛና ሊረዝም፣ ቁርጠትም ሊጨምር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ነገር ግን ውኃ በወረፋ በሚገኝበት፣ ሞዴስ በሚጠፋበት፣ ራሽን በሚቀንስበት ቦታ ለምትኖር ሴት «ደም ትንሽ ይበዛል» ማለት ትንሽ ነገር አይደለም። የደም ማነስ ያለባት ሴት ይህን ከባለሙያ ጋር ተነጋግራ ትወስን። ሆርሞን ያለው ሉፕ በተቃራኒው ደሙን ይቀንሳል፣ ጭራሽም ሊያስቀር ይችላል።

ሉፕ በራሱ ጊዜ ተንሸራቶ ሊወጣ ይችላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ሴቶች ከ2 እስከ 10 የሚሆኑት ይህ ይገጥማቸዋል። ሲገባ ማህፀንን መብሳቱ ግን እምብዛም አይደርስም፤ ከ1000 አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ገደማ ነው። የኢንፌክሽን አደጋ ጨምሮ የሚታየው በተለይ በመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ነው።

የሚከተሉት ከታዩ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፦ የወር አበባ መቅረት፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ክሩ መጥፋት ወይም መርዘም፣ ፕላስቲኩ በእጅ መዳሰስ። ሉፕ እያለ እርግዝና ከተፈጠረ ከማህፀን ውጪ ሊሆን ስለሚችል አይጠበቅበትም።

7. የሚወራውና እውነቱ

ተማሪዎቻችን ስም ሳይጽፉ በጥያቄ ሣጥን ካስገቡልን መካከል፦

«ቲቸር፣ ሉፕ ወደ ልብ ይወጣል አሉ፤ እውነት ነው?» ማህፀን ከልብም ከሆድ ዕቃም ጋር የሚያገናኝ ሰፊ መንገድ የለውም። ክሩ ከጠፋ ባለሙያ ትፈልገዋለች፤ አልትራሳውንድም ያሳያል።

«ከባድ ሥራ የምትሠራ ሴት አትችለውም ይባላል።» ሻይ የምትሸጥ፣ ሰው ቤት የምትሠራ፣ ጀሪካን የምትሸከም ሴት ትችለዋለች። ሸክም ሉፕን ከቦታው አያነቃንቀውም።

«ይዝጋል፤ መካንም ያደርጋል።» መዳቡ ቀለሙ ይለወጥ ይሆናል እንጂ እንደ ብረት አይዝግም። ከወጣ በኋላም የመውለድ ችሎታ ወዲያው ይመለሳል። የማህፀን ቱቦን የሚጎዳው ያልታከመ የአባላዘር በሽታ ነው።

ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ «ዳልኮን ሺልድ» የሚባል ሉፕ ብዙ ሴቶችን ለከባድ ኢንፌክሽን ዳርጓል። ክሩ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ስለነበረ እንደ ፋኖስ ክር ተባይ ወደ ላይ ይስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ከገበያ ወጣ። የዛሬዎቹ ሉፖች ክር ነጠላና ለስላሳ ነው።

8. መንገድ ለሚጠብቃቸው እህቶች

በዚህ ላይ ዝም ብንል ጥፋት ይሆናል። ወደ ሊቢያ በረሃ የሚሻገሩ እህቶች በመንገድ የሚደርስባቸውን ስለሚያውቁ አስቀድመው መርፌ ተወግተው እንደሚሄዱ ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ ሦስት ነገር እንበል።

አንደኛ፣ ማንኛውም የእርግዝና መከላከያ ጥቃትን አያስቆምም። ሉፕም ሆነ መርፌ ከኤች አይ ቪና ከአባላዘር በሽታ አይከላከሉም።

ሁለተኛ፣ ነገ መንገድ የምትወጣ ሴት ዛሬ ሉፕ ባታስገባ ይመረጣል። ከላይ እንደተጠቀሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክትትል የሚያስፈልግባቸው ናቸው።

ሦስተኛ፣ የተደፈረች ሴት በተቻለ ፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። የመዳብ ሉፕ ደግሞ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ እርግዝናን ከ100 ከ99 ጊዜ በላይ ይከላከላል፤ ይህ የሚሆነው ግን እርሷ ተረድታና ፈቅዳ ሲሆን፣ ኢንፌክሽንም አለመኖሩ ታይቶ ነው። በአፍ የሚወሰድ የድንገተኛ መከላከያም አለ።

9. የቀኑ ጉዳይ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። የእኛ ሰው ሁለት አቆጣጠር ይዞ ይኖራል። ነርሷ ግን የምታውቀው የራሷን አገር አቆጣጠር ነው።

አንዲት ሴት በጎንደር ግንቦት 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ሉፕ አስገባች እንበል። ይህ እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 2018 ነው። 12 ዓመቱ የሚሞላው እ.ኤ.አ. በ2030 ነው። በሱዳን ያለች ነርስ ግን «2010»ን በራሷ አቆጣጠር ካነበበችው፣ ጊዜው በ2022 አልፏል ብላ ታስባለች። ጥሩ ሉፕ ያለ ጊዜው ይወጣል ማለት ነው።

ግልባጩ ደግሞ የባሰ ነው። ሌላዋ እህት በካርቱም እ.ኤ.አ. በ2014 አስገባች። 12 ዓመቱ በ2026 ይሞላል። ከጦርነቱ በኋላ አገር ቤት ስትገባ፣ ካርዱ ላይ ያለው 2014 እንደ ኢትዮጵያ ዓ.ም. ከተነበበ እ.ኤ.አ. በ2021 ወይም በ2022 የገባ ይመስላል። እስከ 2033 ድረስ ተማምና ትቀመጣለች። ጊዜው ያለፈበት ሉፕ መርዝ አይሆንም፣ ያን ዕለት የሚያስሮጥም አይደለም፤ መከላከሉ ግን አያስተማምንም። እስኪቀየር ድረስ ኮንዶም መጠቀም ያሻል።

የዓረብኛ አኃዝም አለ። የዓረብኛው 5 ለእኛ ዜሮ ይመስላል፤ 6ቱ ደግሞ 7 ይመስላል፤ ዜሮው ነጥብ ብቻ ነው። እንዲህ እያለ 2015 የነበረው 2010 ሆኖ ይነበባል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦

- በካርዱ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አትርሱ።
- የሉፑን ዓይነት (መዳብ ወይስ ሆርሞን) እና የሚወጣበትን ዓመት አስጽፉ።
- ካርዱን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ለምታምኑት ሰውም ላኩት።
- ካርዱ ከጠፋ ደግሞ ልብ የማይረሳውን አስቡ፤ «የመጨረሻው ልጄ ክርስትና በተነሳ በወሩ» ማለት ለባለሙያዋ ብዙ ይረዳታል።

10. መብታችን

ማንም ሴት ሳትጠየቅ ሉፕ ሊገባላት አይገባም፤ በወሊድ ሰዓትም ቢሆን። ምክሩ ከምጥ በፊት ይሰጣል። እንዲወጣላት ስትጠይቅም «ጊዜው አልደረሰም» ተብላ መመለስ የለባትም። በራስ እጅ ወይም ባልሠለጠነ ሰው ማስወጣት ግን ጉዳት ያስከትላል።

የስደተኞችን ጤና የሚያገለግሉ ድርጅቶች የሚመሩበት «አነስተኛ የመነሻ አገልግሎት» የሚባል ስምምነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በተሻሻለው ላይ ያልታሰበ እርግዝናን መከላከል ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ገብቷል፤ ሉፕና በክንድ የሚቀበረውም በስም ተጠቅሰዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ ለአደጋ ጊዜ ከሚያቀርባቸው የዕቃ ሣጥኖች 7 ቁጥሩ ለዚሁ ነው። ስለዚህ በካምፕ ክሊኒክ «ሉፕ አለ ወይ? የሚያወጣ ሰውስ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ሁለተኛውን ጥያቄ ከመጀመሪያው እኩል ጠይቁት።

ለመምህራን፦ የክፍል መልመጃ

ይህን ትምህርት ለማስተማር ያፈራችሁ እንደሆነ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጀምሩት። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ በዓ.ም. ላይ 7 ይደመራል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። ሁሉም ሉፖች የመዳብና 12 ዓመት የሚያገለግሉ ናቸው እንበል።

1ኛ. ጥቅምት 2009 ዓ.ም. የገባ መቼ ይወጣል? (መልስ፦ ጥቅምት 2021 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2028)
2ኛ. የካቲት 2012 ዓ.ም. የገባስ? (መልስ፦ የካቲት 2024 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2032)
3ኛ. በካርቱም እ.ኤ.አ. ኦገስት 2013 የገባስ? (መልስ፦ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2025 ላይ ሞልቷል)

ወንዶች ተማሪዎችም አብረው ይሥሩት። እህት፣ ሚስት፣ እናት የሌለው የለም፤ ሦስተኛውን ጥያቄ ቤቱ ወስዶ የሚጠይቅ አንድ ተማሪ ቢገኝ ለአንድ ቤተሰብ ብዙ ነው።